እስከ አራት ቤት

ላሊበላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰብሌ ልጄ፣

የላሊበላ አምላክ ካለሽበት ሰላሙን ይላክልሽ። እኛ ደኅና ነን። እናትሽም ደኅና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፤ እሷ ግን ብርድ ነው ትላለች። ስልኩ እንደ ጠፋ ነው። ይህን ወረቀት አስጎብኚው ወንድምአገኝ በአውሮፕላን ሲመጣ ይዞልሽ ይመጣል።

ስለ ዓይኔ ለጠየቅሽው፣ ሞራው ግራውን ጨርሶ ቀኙን ጀምሯል። ድጓውን በቃሌ ስለያዝኩት ብዙም አልጎዳኝ። የሚያስቸግረኝ ያንቺ ደብዳቤ ነው፤ እሱን በቃሌ አልያዝኩትም። የሚያነብልኝም፣ እኔ ስናገር የሚጽፍልኝም ወንድምሽ ምንይችል ነው። አሁንም እየሳቀ ይጽፋል።

ሰው «ልጅዎ ሥራዋ ምንድን ነው?» ሲለኝ ዛሬም ግራ እገባለሁ። ባዮኢንፎርማቲክስ ማለት አፌን ይይዘኛል። ሐኪም ናት እንዳልል በሽተኛ አታዪ፤ ጸሐፊ ናት እንዳልል የምትጽፊውን የሚያነበው ኮምፒውተር ነው። የሰው ዘር ትቆጥራለች ስላቸው «ዘሩ የት ነው የሚቀመጠው?» ይሉኛል። አንቺ ደግሞ ደመና ላይ ነው ብለሽኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ወንድምሽ የሙጃውን የቄስ ሰጠኝን ልጅ ሰገነትን እንዲያገባ ሽማግሌ ልከናል። ዲያቆን ወይ አግብቶ ይቀስሳል፣ ወይ ይመነኩሳል፤ እሱ ለምንኩስና የሚሆን አይደለም። ልጅቷንም ይወዳታል። ይህን አልጽፍም ብሎኝ ነበር፣ ጻፍ ብዬዋለሁ። ሙሽሮቹ በሰባት ቤት እንዳይዛመዱ እንደ ደንባችን እኔ የኛን ወገን ቆጠርኩ፣ ቄስ ሰጠኝም የእሱን ቆጠረ፤ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ይኸኔ ሙሉሃብት የሚባል የሙጃ ሽማግሌ ብድግ ብሎ «የመሪጌታ አምስተኛ ቤት ባንቺዓለም የኛ አገር ሴት ናት፤ ልጆቹ ዘመድ ናቸው» አለ። ነገሩ እዚያው ላይ ቆመ።

አምና ጓደኞችሽ እዚህ መጥተው የኛንም የሙጃን ሰውም ምራቅ ወስደው የለም? የደጋ ሰው አየሩ በሳሳበት አገር እንዴት እንደሚኖር እናጠናለን ብላችሁ። «ትፉ፣ ጉዳት የለውም» ብዬ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆሜ የለመንኩላችሁ እኔ ነኝ። እስቲ ያንን ምራቅ ጠይቂልኝ። ልጆቹ ይዛመዳሉ ወይስ አይዛመዱም?

አባትሽ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ከሩቅም ቢሆን ጉልበትዎን ስሜ ልጀምር። እናቴን ሐኪም ያያት እንጂ በብርድ አታመካኝ በሉልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። አዎ፣ እበላለሁ። አይ፣ አልከሳሁም።

የጠየቁኝን ማድረግ አልችልም። ምራቁ ብልቃጥ ውስጥ ሲገባ ስሙ ውጭ ይቀራል፤ እኔ የማየው የቤት ቁጥርና የሰው ቁጥር ብቻ ነው። የማንንም ማንነት ላልፈልግ ቃል ገብቻለሁ። ነገሩ ከሥራ መባረር ብቻ አይደለም። ሰዉ ምራቁን የሰጠው አምኖ ነው፤ እኔን ሳይሆን እርስዎን አምኖ።

ብፈልግስ ኖሮ ምን አገኛለሁ? ልጅ እኩሌታውን ከአባቱ፣ እኩሌታውን ከእናቱ ይወስዳል። ያ እኩሌታ በየቤቱ እየተከፈለ ይሳሳል። ኮምፒውተሩ እስከ አራት ቤት ድረስ ዝምድናን በደንብ ይለያል፤ አምስተኛው ላይ ይጠራጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ጉም ነው። ባንቺዓለም ጉሙ ውስጥ ናት አባዬ።

ይልቅ ሰገነት እንዴት ያለች ናት? ምንይችል መልሱን ራሱ ይጻፈው፤ እርስዎ ከነገሩት ይቀንሳል።

ልጅዎ ሰብሌ


ላሊበላ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰብሌ፣

አባቶቻችን ኩራዝ እንኳ ሳይኖራቸው ሰባት ቤት አይተዋል። ያንቺ መኪና በዚያ ሁሉ መብራት አራተኛው ላይ ደከመው?

ወንድምሽ እህል ከተወ ሰንብቷል። ስለ ሰገነት የጠየቅሽውን አልመለሰልሽም፤ ብዕሩን ይዞ ቆየና «ሌላ ጊዜ» አለኝ። ቄስ ሰጠኝ «ነገሩ እስከ ዐቢይ ጾም ካልጠራ ልጄን የሚጠይቅ ሌላ ዲያቆን አለ» ብሎ ልኮብናል። ሙሉሃብት እንደሆነ በየለቅሶው ቤት ባንቺዓለምን ሲያነሣ ይውላል። እኔ ያን ሰው ስድሳ ዓመት ሙሉ አላውቀውም ነበር፤ ምነው ሳላውቀው በሞትኩ።

ልጄ፣ አባትሽ ለምኖሽ አያውቅም። አሁን ለመነሽ። ጉሙም ቢሆን ግቢበት።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አባዬ፣

ለጥምቀቱ በሰላም ያድርሳችሁ። የላካችሁልኝ በሶ ደርሶኛል። ሥራ በዝቶብኝ ነው የዘገየሁት። ማለቴ፣ ሥራም በዝቶብኛል።

እዚህ ውስጥ የታጠፈ ሌላ ወረቀት አለ። እሱን መምህር ደሳለ ያንብብልዎ፤ ምንይችል አይክፈተው። ተጣልተን አይደለም። ምንይችል፣ ይህን እያነበብክ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አትቀየመኝ፤ ደሳለን ጥራውና አንተ ትንሽ ውጣ በል።

እናቴን ሳሙልኝ። ምንም አትበሏት፤ ሳሙልኝ ብቻ።

ሰብሌ

(የታጠፈው ወረቀት)

አባዬ፣ ቃሌን አፍርሼ አየሁ። የሰገነትን ከመፈለጌ በፊት አቆጣጠሬ ልክ መሆኑን ልፈትን ብዬ በራሳችን ቤት ጀመርኩ። የራሴን ምራቅ እዚሁ ላቦራቶሪ ስለሰጠሁ ቁጥሬን አውቃለሁ። በእሱ ፈልጌ እርስዎን አገኘሁ፤ እኩሌታዬ ነዎት። እናቴን አገኘሁ፤ እኩሌታዬ ናት። ከኛ ቤት አንድ ወንድ ቀረ። እሱ የእኔም፣ የእርስዎም፣ የእናቴም ምንም አይደለም። ስህተት ነው ብዬ ደጋግሜ ብሠራው መልሱ ያው ነው።

ምንይችል ማነው? እናቴንስ እንዴት ብዬ ልጠይቃት? ምን እንደማስብ አላውቅም፤ ያሰብኩትን ሁሉ እጠላዋለሁ። የሰገነትን ሳላይ ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። እባክዎ ወረቀቱን ያቃጥሉት።


አዲስ አበባ፣ ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ! አባዬ!

ያን ወረቀት ካላነበባችሁት አታንብቡት። ካነበባችሁትም ውሸት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከእጅ የወጣ ደግሞ አውሮፕላን ላይ ይወጣል፤ እንዴት ልመልሰው?

አምና ምራቁን የሰበሰበው ምሥጋናው ከመስክ ተመለሰና ዞር ዞር እያልኩ ጠየቅኩት። ሥራው የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስለሆነ እርስዎ የቤታችንን ሰው ሁሉ ያስመዘገቡት በክርስትና ስሙ ነው። ልማድ ነዋ፤ በዚያ ግቢ ማን በዓለም ስሙ ይጠራል? ምሥጋናው ተራችን ሲደርስ «ገብረ ኪዳን!» ብሎ የምንይችልን ስም ጠራ። አንድ ለጸበል የመጣ ሽማግሌ «አቤት!» ብለው ተነሡ፤ ስማቸው ነው። ብልቃጡን ተቀበሉ፣ ተፉ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ምሥጋናውም የቤታችን አያት መስለውት አለፈ። «የጸበሉ ተራ በዚህ ነው ወይ?» ብለው ስለጠየቁት ነው ያልረሳቸው።

ምንይችል ደግሞ ያን ቀን ቀዳሽ ነበር። ቀድሶ፣ ቆርቦ፣ እንዴት ምራቁን ይተፋል? ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። የቆረበ ሰው እንደማይተፋ ሕፃን ያውቃል፤ እኔ የመሪጌታ ልጅ ይህ ሳይታሰበኝ ወንድሜን ከቤት አወጣሁት!

ወንድሜ ነው። የእናቴን እግር እስማለሁ፤ በልቤ ለበደልኳት። እልል በሉልኝ።

ሰብሌ


ላሊበላ፣ ጥር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰብሌ ልጄ፣

ይህን የሚጽፍልኝ ደሳለ ነው። ከታጠፈው ወረቀት ወዲህ ካንቺ ሌላ አልደረሰኝም።

ደብዳቤሽ የመጣ ለት ምንይችል «ደሳለን ጥራው» እስከሚለው አነበበልኝና አቆመ። ተናደድኩ። ከልጄ የምደብቀው ምን አለኝና ነው! «ክፈተው፤ ጮክ ብለህ አንብበው» አልኩት። እናትሽ አጠገባችን ጥጥ ትፈትላለች። አነበበው። ድምፁ አልተሰበረም፤ በቅዳሴ ላይ መልእክት እንደሚያነብ ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀጥ አድርጎ አነበበው። «ምንይችል ማነው?» የሚለውንም በራሱ አፍ አነበበው።

ሲጨርስ ሊናገር ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት። እናትሽ ቀደመችው። እንዝርቷን ጥላ፣ የገዛ ስሟን ጠርታ «ወይኔ ይማርሽ! ወጣብኝ!» አለች።

ምንይችል ሲወለድ እኔ አቋቋም ልማር ደብረ ታቦር ነበርኩ፤ አንቺም ገና ሕፃን ነሽ። እናትሽ እርጉዝ ነበረች። ከደላንታ ለጸበል የመጣች አንዲት ሴት፣ እሷም እርጉዝ፣ ከጎን ያለው የእንግዳ ማረፊያ ገብታ ታመመች። ሁለቱን በአንድ ሌሊት ያዋለደቻቸው አንዲት አሮጊት ናት፤ ነፍሷን ይማር። የእናትሽ ልጅ ሳያለቅስ ቀረ። የሴትዮዋ ልጅ አለቀሰ፣ እናቱ ግን አላደረችም። አሮጊቷ ሕፃኑን አንሥታ ከይማርሽ ጡት ላይ አኖረችው። «የእሷን እኔ አሳደግኩት፣ የኔን እሷ ታቅፋው ተቀበረች» አለችን እናትሽ። እኔ ስመለስ ወንድ ልጅ ታቅፋ ጠበቀችኝ። በደስታ ግቢውን በሽብሸባ ዞርኩት።

ይህን ሁሉ ከተናገረች በኋላ ምንይችል ቀስ ብሎ «እኔ ልላችሁ የነበረውኮ ያን ቀን ቆርቤ ስለነበር ምራቄን አልሰጠሁም ነው» አለ። ነገሩን ያዢው እንግዲህ። መኪናሽ ያየው የማንን ምራቅ ነው? እኔ እንጃ።

ወንድምሽ ሲነጋ ወደ ሙጃ ሄደ። «ቄስ ሰጠኝ ከሰው አፍ ከሚሰማው ከእኔ ይስማው» ብሎ ነው። እናትሽን መጀመሪያ አላናገርኳትም፤ ኋላ አናገርኳት፤ አሁን ደግሞ አላናግራትም። ሰባት ቤት ስቆጥር ሁልጊዜ የምጀምረው በእሱ ነበር፤ «ምንይችል፣ ገብረ ሊባኖስ» እያልኩ ወደ ላይ እወጣለሁ። ዛሬ ጧት ልቆጥር ሞከርኩና ከመጀመሪያው ቤት መውጣት አቃተኝ። ልቤ ቆስሏል ልጄ። በማን እንደምቆጣም አላወቅኩም።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፣

ደብዳቤዎቻችን ሰማይ ላይ ተላልፈዋል። የእኔን «እልል በሉልኝ» አንብባችሁ ምን እንዳላችሁ ማሰብ አልፈልግም።

ቁጭ ብዬ ነገሩን ለራሴ ለማስረዳት እሞክራለሁ። ኮምፒውተሩ ያየው የሌላ ሰው ምራቅ ነው። ስለ ምንይችል አንድም ነገር አያውቅም። ያልኳችሁ ነገር ከሥሩ ስህተት ነበር፤ ስህተቱ ግን እውነቱን አወጣው። ዝም ብል ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። አሁን ይቅርታ የምለው ስለ ስህተቱ ነው ወይስ ስለ እውነቱ? ንገሩኝ፣ እኔ አላወቅኩም።

ለአለቃዬ ለዶክተር ሂንድ ያደረግኩትን ሁሉ ነገርኳት። የደሴ ልጅ ናት፤ የወሎን ነገር ታውቃለች፤ ለዚህ ነው መሰለኝ የባሰ የተቆጣችው። «የገዛ አባትሽን አደራ በላሽ» አለችኝ። ከሰው ጥናት አውጥታ የገብስ ጥናት ላይ አስቀምጣኛለች። ከዚያው ከላስታና ከግዳን የመጣ ገብስ ነው። መባረሬ ሲቀር ደስ ሊለኝ ሲገባ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ምንይችል ተመለሰ? እናቴን አናግሯት እባክዎ። እሷን ሳስብ የሚመጣብኝ የተቀበረው ነው፤ ለካ እኔ ሌላም ወንድም ነበረኝ።

ሰብሌ


ላሊበላ፣ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰብሌ ልጄ፣

ይህን የሚጽፈው ምንይችል ነው። ከጽፈቱ በቀር ብዙ አይናገርም፤ ግን በልቷል።

ስለ ገብሱ አትዘኚ። ገብስ «አባቴ ማነው?» ብሎ አያስጨንቅሽም። እናትሽን አናግሬያታለሁ። ምን እንዳልኳት አልነግርሽም፤ ይቅርታዬ ስለ የቱ ነው ላልሽው ግን እሷ መልሳልሻለች። «ከተናገርኩ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል» ትላለች። እንግዲህ አንዳችን ተኝተናል።

ቄስ ሰጠኝ ወንድምሽን በክብር ተቀብሎ አብልቶ አጠጥቶ ሰማው። ሲያበቃ «ልጄ፣ ሰባት ቤት ቁጠር ብልህ ከየት ትጀምራለህ?» አለው። ከዚያ ወደ ደላንታ፣ ወደ ወገል ጤና ወርዶ የወላጅ እናቱን ዘመድ ሲፈልግ ሰነበተ። ሴትዮዋ ስትሞት ለእናትሽ የተናገረችው የክርስትና ስሟን ብቻ ነው፤ ወለተ ጻድቅ። በክርስትና ስም ደግሞ እግዚአብሔር እንጂ ጎረቤት ሰው አያውቅም። በየደብሩ ቢጠይቅ ወለተ ጻድቅ ሞልታለች፤ ለጸበል ሄዳ የቀረችውን የሚያውቅ ግን ጠፋ። ባዶውን ተመለሰና ባለፈው እሑድ ተዝካሯን አወጣንላት። እስከ ዛሬ ስሟን የጠራላት አልነበረም።

አሁን የምነግርሽን በደንብ አድምጪ፤ እንደ በፊቱ ልመና አይደለም። ሰገነትና ምንይችል ራሳቸው ምራቃችንን እንስጥና ይታይ ብለዋል። ቄስ ሰጠኝም ፈቅዷል፤ እስከ ፋሲካ እጠብቃለሁ ብሏል። ለዶክተር ሂንድ አንቺው ንገሪያት። በጓዳ ሳይሆን በፊት ለፊት ይሁን፤ አንቺም አትንኪው። ምራቁን የሚወስዱትም ወንድምሽ በማይቆርብበት ቀን ይምጡ።

አባትሽ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባዬ፣

ዶክተር ሂንድ ሁለቱንም አስፈርማ ራሷ ሠርታዋለች። ወረቀቷን አያይዤ ልኬያለሁ፤ እኔ በአማርኛ ላስረዳችሁ ብቻ ፈቅዳልኛለች።

ምንይችልና ሰገነት እስከ አራት ቤት አይዛመዱም። ይህ የጸና ነው። አምስተኛው ላይም ምንም አልታየም፤ እዚያ ላይ አለመታየት ግን አለመኖር ማለት አይደለም። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን አላውቅም። ማንም ላቦራቶሪ አያውቅም። «አይዛመዱም» ብዬ በአንድ ቃል መጻፍ እንዴት እንዳማረኝ! ብዕሩን አንሥቼ አስቀመጥኩት። አንድ ጊዜ የማላውቀውን እንደማውቅ አድርጌ ጽፌላችሁ የሆነውን አይተናል።

አራት ቤት አይበቃም ካሉስ? ምንይችል ምን ይሆናል?

ሰብሌ


ላሊበላ፣ ሚያዝያ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰብሌ ልጄ፣

ከሙጃ ትናንት ገባን። እናትሽ በበቅሎ፣ እኔ በምንይችል ትከሻ።

ሽማግሌው ሁሉ ከቄስ ሰጠኝ ደጅ ተሰበሰበ። ወረቀትሽን ወንድምሽ ቆሞ አነበበው፤ አላውቅም የምትይውንም ሳይዘል። እንዳለቀ ሙሉሃብት «ደንባችን ሰባት ነው። መኪናው አራት አመጣ። ሦስት ቤት ጎደለ» አለ። ክፉ ሰው አይደለም ለካ፤ ልክ ነው፣ ጎድሏል። አርባ ዓመት ቅኔ አስተምሬ አንድ ቃል አጣሁ።

እናትሽ ተነሣች። ቤት ሲቆጠር ሴት ተናግራ አታውቅም፤ ልጎትታት ቀሚሷን ብዳብስ አጣኋት። «እኔ ለዚህ ሰው ልጅህ ነው አልኩት፤ አመነኝ። እሱም ለእናንተ ቆጠረላችሁ፤ አመናችሁት። እናንተ ሰባት ቤት ያላችሁት የእኔን አንድ ቃል ነው። ዋሽቼ ነበር፤ ይቅር በሉኝ። ይህን ልጅ ግን በእኔ ውሸት አትቅጡት» አለችና ተቀመጠች። እጇን ያዝኩላት።

ሰገነት ከጓዳ ስታለቅስ ይሰማል። ቄስ ሰጠኝ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወንድሞቼ» አለ፣ «እኔም ሰባት ቤቴን አውቃለሁ ስል ኖሬያለሁ። አሁን ሳስበው የማውቀው እናቴ የነገረችኝን ነው፤ እሷም እናቷ የነገረቻትን። እስቲ ከመካከላችሁ አባቱን እናቱ ከነገረችው ቃል በቀር በሌላ የሚያውቅ ካለ ይነሣ፤ የጎደለውን ሦስት ቤት እሱ ይጠይቀን።»

እኔ አላይም። ጎኔ ያለውን ወንድምሽን ዳሰስኩና «ማን ተነሣ?» አልኩት።

«ማንም፣ አባዬ» አለኝ።

ሠርጉ የዳግም ትንሣኤ ማግስት ነው። ገብስሽን ለሰው አደራ ብለሽ ነይ።

አባትሽ መሪጌታ ገብረ ሊባኖስ